ልጃችሁ ሀይስኩል ሊገባ ነው? ከሒሳብ ክፍል እስከ ሙያ ወርክሾፕ፣ ኮርስ አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሀይስኩሎች የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ የሚመረጠው በብርዱ ወራት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ሞልቶ ይጨርሰዋል። ብዙ ሀበሻ ወላጅ ይህን ቅጽ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። «ምን መረጥክ?» ሲባል ልጁ «ኖርማል ነው» ይላል። ወላጅም ከሥራ ደክሞ ገብቷል፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል። የልጁ አራት ዓመት ግን በአብዛኛው እዚያ ቅጽ ላይ ነው የሚወሰነው።

ይህን የምጽፈው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ከልጃችሁ ጋር አንድ ምሽት እንድትቀመጡ ነው። ምሳሌዎቼ የሀገሬ ልጅ በብዛት ከሚኖርባቸው ከሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከቨርጂኒያና ከዲሲ ናቸው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አካሄዱ ይጠቅማችኋል፣ ቁጥሮቹን ብቻ ከትምህርት ቤታችሁ አረጋግጡ።

1. ሁለት የቆዩ ሐሳቦችን አስቀምጡ

እኛ ስንማር ፕሮግራም የሚወጣው ለክፍሉ ነበር። ዘጠነኛ ሲ የሆነ ሁሉ አንድ ዓይነት ይማራል። ተማሪው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ መምህሩ እየተቀያየረ ይገባል። እዚህ መምህሩ በክፍሉ ይቀመጣል፣ ተማሪው ይዞራል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፕሮግራም አለው። ሁለት አስረኛ ክፍል የሆኑ ጎረቤታሞች አንድም ኮርስ ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ «የእነ እከሌ ልጅም አስረኛ ነው፣ ያው ነው» ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ሀገር ቤት ለዓመታት በአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ሲገባ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። ስለዚህ ሙያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው «አልሆነለትም» የተባለውን ልጅ ነው። እዚህ ሲቲኢ የሚባለው የሙያ ዲፓርትመንት እንደዚያ አይሠራም። ጠዋት ካልኩለስ የተማረች ልጅ ከሰዓት የነርስ ረዳትነት ልትሠለጥን ትችላለች። ዲፕሎማዋም አንድ ነው። ልጁ ከሁለቱ አንዱን እንዲተው የሚያስገድደው ብዙ ጊዜ ደንቡ ሳይሆን የእኛ የወላጆች እፍረት ነው። ይህ እፍረት ልጆቻችንን ብዙ እያሳጣቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

2. ዲፓርትመንቶቹን ለዩ

ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ። ከእነሱ ቀጥሎ የውጭ ቋንቋዎች፣ አርትና ሙዚቃ፣ ስፖርትና ጤና፣ ሲቲኢ፣ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ኢሶል፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ስፔሻል ኤዱኬሽን አሉ።

እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ኃላፊ አለው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ «ሪሶርስ ቲቸር» ይሉታል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ «ዲፓርትመንት ቼር» ይባላል። ይህን ሰው ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ለምን ዝቅ ያለ ሒሳብ ተመደበ? የሳይንስ መምህሩ ኢሜይል የማይመልሰው ለምንድን ነው? መጀመሪያ መምህሩን፣ ከዚያ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ጠይቁ። እኛ ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ በቀጥታ ፕሪንሲፓሉ ቢሮ እንገኛለን። በመሃል ያለው ሰው ግን ጉዳዩን በአንድ ቀን ሊፈታው ይችላል።

ስለ ስፔሻል ኤዱኬሽን አንድ ነገር ልበል። ልጁ ማንበብ፣ ማተኮር ወይም መናገር የሚከብደው ከመሰላችሁ ትምህርት ቤቱ እንዲመረምረው በጽሑፍ ጠይቁ። ድጋፍ እንደሚገባው ከታወቀ አይኢፒ የሚባል ዕቅድ ይዘጋጅለታል። ይህ ከ1975 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተረጋገጠ መብት ነው። ሰው ምን ይለኛል ተብሎ የሚደበቅ ጉዳይ አይደለም።

3. ክሬዲት ቁጠሩ

ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ኮርስ አንድ ክሬዲት፣ የግማሽ ዓመት ኮርስ ግማሽ ክሬዲት ነው። ኮርሱን የወደቀ ልጅ ክሬዲቱን አያገኝም፣ ወይ ይደግመዋል ወይ በሰመር ይወስደዋል። «አስራ አንደኛ ነው» ቢባልም ክሬዲቱ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው 12ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጊዜው ያጥራል።

ለመመረቅ የሚያስፈልገው እንደየቦታው ይለያል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ 22 ክሬዲት ይጠይቃል። ሜሪላንድ በዚያ ላይ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ትጠይቃለች። ዲሲ 24 ክሬዲትና 100 ሰዓት አገልግሎት ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ሁለት ዋና ዲፕሎማዎች አሏት፤ ስታንዳርዱ 22 ክሬዲት፣ አድቫንስድ የሚባለው 26። ልጃችሁ ቨርጂኒያ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጠይቁ። አድቫንስዱ የውጭ ቋንቋ ይፈልጋል፤ አንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት። ይህን አስራ አንደኛ ላይ መጀመር በጣም ይከብዳል።

ደንቡ የሚታየው ልጁ ዘጠነኛ በገባበት ዓመት ነው። ታላቅ ወንድሙ የተመረቀበት ደንብ ለእሱ ላይሠራ ይችላል።

አሁን ወረቀት አውጡና ይህን አስሉ። በቀን ሰባት ፔሬድ ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሰባት በአራት ዓመት 28 ኮርስ ነው። የሚጠየቀው 22 ነው። ስድስት ኮርስ ተረፈ። በዚያ ላይ ከ22ቱ ውስጥም ልጁ ራሱ የሚመርጣቸው አሉ። የሙያ ፕሮግራም የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ቦታው አለ። ሳይታቀድ ሲቀር ግን ጓደኛ በመረጠው ኮርስ ይሞላል።

ሜሪላንድ ውስጥ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ስቴቱ ከግዴታዎቹ አንዱን በሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ወይም በተሟላ የሙያ ፕሮግራም ማሟላት ይፈቅዳል። ልጁ ሙያውን መርጦ ቋንቋውን ሊተው ይችላል። ሀይስኩሉ ያስመርቀዋል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ግን ሁለት ዓመት የአንድ ቋንቋ ትምህርት ይፈልጋል። ስለዚህ ቦታ ካለ ሁለቱንም ይውሰድ።

4. ሒሳቡን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቁጠሩ

ከሁሉም ዲፓርትመንት ጥንቃቄ የሚፈልገው ሒሳብ ነው። ኮርሶቹ እንደ መሰላል ናቸው፣ አንዱን ሳይረግጡ ሌላው ላይ አይወጣም። አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አምስት ናቸው። ሀይስኩል ግን አራት ዓመት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ አንድን የጀመረ ልጅ በተለመደው አካሄድ 12ኛ ላይ ፕሪካልኩለስ ይደርሳል። ካልኩለስ አይደርስም። ስምንተኛ ክፍል አልጀብራ አንድን የጨረሰ ይደርሳል። ልጃችሁ ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስብ ከሆነ ይህን ዛሬ እወቁ። መንገዱ አልተዘጋም። አንዱን ኮርስ በሰመር መውሰድ፣ ወይም አስረኛ ላይ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ ሁለትን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ የሚፈቅደውን ጠይቁ።

ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጡ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ልጁ ሀገር ቤት ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ሲፈታ የኖረ ነው። እንግሊዝኛው ስላልጠነከረ ብቻ አልጀብራ አንድ ይመደባል። ይህን ካያችሁ «የሒሳብ ምደባ ፈተና ይሰጠው» ብላችሁ የሒሳብ ዲፓርትመንቱን ኃላፊ ጠይቁ። የሀገር ቤት ደብተሩን ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ኦነርስና ኤፒ ደግሞ በአጭሩ። ኦነርስ ከመደበኛው ጠለቅ ያለ ኮርስ ነው፣ ኤፒ ደግሞ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ነው። የኤፒ ፈተና ሜይ ላይ ይሰጣል፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፣ ብዙ ኮሌጆች ከ3 ጀምሮ ክሬዲት ይሰጣሉ። ሞንትጎመሪ ውስጥ በኦነርስም በኤፒም የተገኘ ኤ ለዌትድ ጂፒኤ፣ ማለትም ከባድ ኮርስ ተጨማሪ ነጥብ ለሚያገኝበት አማካይ ውጤት፣ አምስት ሆኖ ይቆጠራል። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ለኦነርስ ግማሽ፣ ለኤፒ አንድ ነጥብ ይጨምራል። «የእከሊት ልጅ አምስት ኤፒ ወሰደች» ተብሎ ልጅ ላይ አይጫንም። የሚወደው ሁለት ኤፒ፣ እንቅልፍ ከሚያሳጣው አምስት ይሻለዋል።

5. ከሀገር ቤት የመጣ ትራንስክሪፕት ካለ

ልጁ ኢትዮጵያ ዘጠነኛ ወይም አስረኛ ተምሮ ከመጣ ትራንስክሪፕቱ ሳይታይ እንዳይመዘገብ። በየካውንቲው ከውጭ የመጣ ማስረጃ የሚመረምር ቢሮ አለ። እዚያ የተማረው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ክሬዲት ሊሆንለት ይችላል። አማርኛ ትምህርቱንም አትርሱት፣ እንደ ውጭ ቋንቋ ይቆጠርለት እንደሆነ ጠይቁ። ወረቀቱ ዘግይቶ ከደረሰም አምጡት። ክሬዲት በኋላም ሊመዘገብ ይችላል።

ኢሶል የሚገባው ልጅ በየዓመቱ የቋንቋ ፈተና ይወስዳል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሦስቱም ዊዳ የሚባለውን ፈተና ይጠቀማሉ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ የኢሶል ኮርስ የእንግሊዝኛ ክሬዲት ነው ወይስ ኤለክቲቭ (የምርጫ ኮርስ)?» መልሱ የምረቃውን ዓመት ሊቀይር ይችላል።

6. የሙያ ዲፓርትመንቱን በቁም ነገር እዩት

የአሜሪካ መንግሥት ለሀይስኩል ሙያ ትምህርት ገንዘብ መመደብ የጀመረው በ1917 ነው። ዛሬ ሲቲኢ ከጤና እስከ ኮምፒውተር፣ ከመኪና ጥገና እስከ ፀጉር ሥራ፣ ከምግብ ዝግጅት እስከ ግንባታና ኢንጂነሪንግ ይሄዳል። አንዳንዱ ኮርስ እዚያው ሀይስኩል ውስጥ ይሰጣል። ትልቅ መሣሪያ የሚጠይቀው ደግሞ በተለየ ማዕከል ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቶማስ ኤዲሰን የሚባል የቴክኖሎጂ ሀይስኩል አለ። የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ከየትምህርት ቤታቸው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን እዚያ ይሄዳሉ፣ ግማሹን ቀን መደበኛ ትምህርታቸውን ይማራሉ። የካውንቲው የግንባታ ተማሪዎች የሚሠሩት ለማሳያ የሚሆን ግድግዳ ብቻ አይደለም። እውነተኛ መኖሪያ ቤት ይገነባሉ። አናጺው፣ የኤሌክትሪክ ተማሪው፣ የቧንቧ ተማሪው በየተራ ይገባበታል፣ ቤቱም ሲያልቅ ለገበያ ይቀርባል። የመኪና ተማሪዎችም ያገለገለ መኪና ጠግነው ይሸጣሉ። የ17 ዓመት ልጅ የዘረጋው ሽቦ ሰው በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። ይህን የመሰለ ትምህርት በገንዘብ ልግዛው ቢባል ውድ ነው፣ እዚህ ግን ለሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ ትምህርቱ በነፃ ነው።

ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ የሆነውን የጤናውን መስመር ላንሳ። ብዙ እናቶች ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆነው ይሠራሉ። ለዚያ ኮርስ በራሳቸው ገንዘብ ከፍለው፣ በማታ ተምረው ነው ያገኙት። ልጆቻቸው ይህንኑ ሥልጠና ሀይስኩል እያሉ ሊያገኙት ይችላሉ። ነርሲንግ ወይም ሕክምና የምታስብ ልጅ 18 ዓመት ሲሆናት የሙያ ፈቃድ ይዛ ኮሌጅ ብትገባ ምን ይጎዳታል? በትርፍ ሰዓቷ በሙያዋ ትሠራለች። የታመመ ሰው መንከባከብ የምትችለው መሆኑንም ለኮሌጅ ብዙ ሺህ ዶላር ሳታወጣ ታውቃለች።

ጊዜውን አትሳቱ። ለምሳሌ ሜሪላንድ ለኮስሞቶሎጂ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች። ይህ በአንድ ዓመት ግማሽ ቀን አይሞላም። አስራ አንደኛ ላይ መጀመር አለበት፣ ማመልከቻው ደግሞ አስረኛ ክፍል እያለ ነው የሚገባው። 12ኛ ላይ «አሁን ልግባ» ቢል አብዛኛው በር ተዘግቷል።

ሜሪላንድ ውስጥ ሌላም መንገድ አለ፤ የሀይስኩል አፕረንቲስሺፕ። 16 ዓመት የሞላው ተማሪ እየተከፈለው ቢያንስ 450 ሰዓት ይሠራል፣ ከሥራው ጋር የሚሄድ ትምህርትም ይወስዳል። ልጁ ሥራ ካልገባሁ እያለ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ፈጣን ምግብ ቤት ከመግባቱ በፊት ይህን ጠይቁለት።

ከመመዝገባችሁ በፊት የሲቲኢውን መምህር እነዚህን ጠይቁ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በእጁ የሚይዘው ሰርተፊኬት ወይም ፈቃድ ምንድን ነው? ለፈተናው ማን ይከፍላል? ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ለዚህ ኮርስ ክሬዲት ይሰጣሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ሁሉም ሰው የሚረሳው ነው፤ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? ግማሽ ቀን መውጣት ብዙ ፔሬድ ይወስዳል። ልጁ የሚፈልገው ኤፒ ፊዚክስ በቀን አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ያውም በዚያው ሰዓት ከሆነ፣ ይጋጫል። ይህን ፌብሯሪ ላይ ካነሳችሁት ፈረቃ መቀየር ይቻል ይሆናል። ኦገስት ላይ ካነሳችሁት ከሁለቱ አንዱ ይቀራል።

ካመነታችሁ ሄዳችሁ እዩት። ማዕከሎቹ ለወላጅ ክፍት የሚሆኑበት ምሽት አላቸው። ወርክሾፑ ውስጥ ገብታችሁ መሣሪያውን ስታዩ ጥያቄያችሁ ይቀየራል።

7. አማርኛውን ክሬዲት አድርጉት

ፌርፋክስ ካውንቲ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት በፈተና ይሰጣል፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ከዚህ ሌላ ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባል፣ እንግሊዝኛና ሌላ ቋንቋ ለሚችል ተማሪ ዲፕሎማው ላይ የሚደረግ ማኅተም አለ። ለዚህ ከሚያገለግሉ ፈተናዎች አንዱ የሆነው አቫንት ስታምፕ አማርኛን ያካትታል፣ መጻፍና መናገር ይፈትናል።

ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚያወራ፣ ሀ ሁ ግን ያልቆጠረ ልጅ ይወድቃል። በየቤተክርስቲያኑና በየማኅበሩ ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ልጁ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከጀመረ ይደርሳል። ክሬዲቱን በፈተና ካገኘም ለስፓኒሽ የሚያውለውን ፔሬድ ለሙያ ወይም ለተጨማሪ ሳይንስ ያውለዋል።

8. ካውንስለሩን አግኙ፣ ልጁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት

ካውንስለር፣ ማለትም የተማሪውን ኮርስና ፕሮግራም የሚከታተለው አማካሪ፣ ብዙ ጊዜ የሚመደበው በመጨረሻ ስም ፊደል ነው፤ ለእኛ በአባት ወይም በአያት ስም መሆኑ ነው። የካውንስለሮቹ ማኅበር ለአንድ ሰው 250 ተማሪ ይመክራል፣ በብዙ ትምህርት ቤት ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ደውለው ይፈልጉናል ብላችሁ አትጠብቁ። ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር ላይ፣ ወረፋው ሳይበዛ ቀጠሮ ያዙ።

እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ስልክ ደውላችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉ። ይበቃል። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ መብት ነው፣ ክፍያ የለውም። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ አሌክሳንድሪያ ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ልጃችሁ እንዲያስተረጉም ግን አታድርጉ። ጎበዝ ልጅም ቢሆን ስለ ራሱ ውጤት ሲተረጉም አንዳንዱን መዝለሉ አይቀርም። ጥፋቱም የእሱ አይደለም፣ የማይገባው ቦታ አስቀምጠነው ነው።

ቀጠሮው ላይ የምትይዙት ይህ ነው፦

ስንት ክሬዲት አለው፣ ምን ይቀረዋል?
ይህ ሒሳብ 12ኛ ላይ የት ያደርሰዋል?
ለየትኛው የሙያ ፕሮግራም ማመልከት ይችላል፣ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል?
ሁለተኛ ምርጫ ተብሎ ምን ተሞልቷል?

አራተኛውን ችላ አትበሉ። የመጀመሪያው ምርጫ ሲሞላ ልጁ የሚገባው በሁለተኛው ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ልጆች በግዴለሽነት ነው የሚሞሉት።

ሜሪላንድ ያላችሁ በኮሌጅ ጣምራ ምዝገባንም ጠይቁ። የሀይስኩል ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ሲማር የትምህርቱ ክፍያ ብዙ ጊዜ በቤተሰቡ ላይ አይወድቅም።

9. ኦገስት ላይ ፕሮግራሙን ከምርጫው ጋር አስተያዩ

ፌብሯሪ የተመረጠውና ኦገስት የሚወጣው ፕሮግራም ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ትምህርት ቤታችሁ የሚጠቀምበትን የወላጆች አፕ (ሞንትጎመሪና ፌርፋክስ ውስጥ ፓረንት ቪው ነው) ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ መክፈቻውን ትምህርት ቤቱ ይሰጣችኋል። በራሳችሁ መክፈቻ ግቡ፣ በልጁ አይሁን። ፕሮግራሙ ሲወጣ እያንዳንዱን መስመር ከምርጫው ኮፒ ጋር አስተያዩ። የሒሳቡ ስም ያው ነው? ኦነርስ የተባለው ኦነርስ ሆኖ ወጥቷል? የሙያው ፔሬድ አለ? 12ኛ ክፍል ከሆነ «ስቱደንት ኤይድ» የሚል ሁለት ቦታ ተሞልቶ እንደሆነ እዩ። ልጁ በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያመላልስ ይውላል ማለት ነው፣ ኮርስ ሊወስድበት የሚችል ሰዓት ነበር።

ስህተት ካገኛችሁ በዚያው ቀን ለካውንስለሩ ኢሜይል ጻፉ። የልጁን ሙሉ ስም፣ የተማሪ ቁጥሩን፣ የወጣውን ኮርስና የተመረጠውን ኮርስ ብቻ አስፍሩ። ኮርስ መቀየር የሚቻለው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፣ ቀኑን ትምህርት ቤቱ ያሳውቃል። መልስ ካላገኛችሁ በሁለተኛው ቀን በአካል ሂዱ፣ ኮፒውንም ያዙ።